ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፦ አውሮፕላኔን የመዘንኩበት ሰሞን

ስድስት ዓመት ፈጅቼ የሠራኋትን አውሮፕላን ለመመዘን የመደብኩት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። ሒሳቡ ከብዶኝ አይደለም። ማባዛት፣ መደመርና ማካፈል ነው፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ያስቸገረኝ ከሒሳቡ በፊት ያለው ነው። ወለሉ፣ ሜትሩ፣ ቱንቢው፣ የጓደኛዬ ኩራት፣ በመጨረሻም ከአንድ ቁጥር ፊት የምትቀመጥ ትንሽ ጭረት።

አውሮፕላኗ ሁለት መቀመጫ አላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። አፅሟ የብረት ቱቦ ነው፤ በላዩ ጨርቅ ለብሷል። ሁለቱ ዋና ጎማዎች ከፊት ናቸው፤ ሦስተኛዋ ትንሽ ጎማ ጅራቷ ሥር ናት። ንድፉን የሠራው ሰው ሁለት ነገር ወስኖ ሰጥቷል። አንደኛ፣ ከነጭነቷ ከ600 ኪሎ እንዳታልፍ። ሁለተኛ፣ የስበት ማዕከሏ፣ ማለትም ክብደቷ ሁሉ የሚመጣጠንበት ነጥብ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ከ25 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ እንዲውል። እንግዲህ ስድስት ዓመት የለፋሁባት ነገር እጣ ፈንታ 21 ሴንቲ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጎማዋ ከጅራት ለሆነ አውሮፕላን ይህ ክልል ቀልድ የለውም። መሬት ላይ ስትሮጥ የስበት ማዕከሏ ያለው ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ነው። ጅራቷ ትንሽ ወደ ጎን ካፈነገጠች፣ ከኋላ ያለው ክብደት ከፊት ያሉትን ጎማዎች ሊቀድም ይሞክራል። እግርህ ፔዳሉ ላይ ካልፈጠነ ዞራ ትቆማለች፤ ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህን ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ጠባይዋ ይብሳል። አየር ላይ ደግሞ መሪው እየቀለለ ይሄዳል፣ አፍንጫዋ በትንሽ ንክኪ ትደነግጣለች፣ ስፒን ውስጥ ከገባች፣ ማለትም እየተሽከረከረች መውደቅ ከጀመረች፣ ማውጣቱ አስቸጋሪ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይቻልም። ክብደቱ ከልክ በላይ ወደ ፊት ከሄደ ሌላ ጣጣ አለ። ሲያርፉ አፍንጫዋን ለማንሳት የኤሌቬተሩ፣ ማለትም ጅራቷ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል፣ አቅም ያንሳል። ፍሬን ጠበቅ ካደረጉም በአፍንጫዋ ልትተከል ትችላለች። ሁለቱም መጥፎ ናቸው። እኔን ምረጥ ብትሉኝ ግን የፊቱን እመርጣለሁ። የፊቱ ፕሮፔለር ያሰብራል፤ የኋላው ሰው ይገድላል።

ሥራው የተጀመረው በጽዳት ነው። «ባዶ ክብደት» ሲባል ባዶ አይደለም። የሞተር ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ከታንኩ ሥር የሚቀረው፣ ሞተሩ ሊስበው የማይችለው ነዳጅም ይቆጠራል። መቀመጫ፣ ቀበቶ፣ ምንጣፍ፣ ሁሉም በቦታው ይሁን። የማይበር ዕቃ ግን ይውጣ። ሁሉንም ያወጣሁ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ በጅራቷ መፈተሻ ቀዳዳ ባትሪ ሲያበራ አንድ የብሎን መፍቻ ቁልፍ አየ። ከመቼ ጀምሮ እንደተኛ አላውቅም። ክብደቱ ኢምንት ነው። የኤሌቬተሩ ገመድ ሥር ገብቶ ቢሰነቀርስ? እሱን እያሰብኩ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሦስት ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች ተዋስኩ። ሚዛን ሁሉ እውነት አይናገርም። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ባዶ ጀሪካኑን መዝኜ፣ ውሃውን ሞልቼ በሦስቱም ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ እኔ ራሴ ጀሪካኑን ተሸክሜ በየተራ ወጣሁባቸው። ልዩነታቸው ከ200 ግራም አይበልጥም ነበር። ተመስገን አልኩ።

የሃንጋሩን፣ የአውሮፕላን ማቆሚያውን መጋዘን፣ በር ዘጋን። በር ተከፍቶ ነፋስ ከገባ ክንፎቹ ትንሽ ትንሽ ያነሳሉ፤ ቁጥሩም አንድ ቦታ አይቆምም። ዋናዎቹን ጎማዎች ሚዛን ላይ ስናወጣ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። የጎማዎቹ እግሮች ከክሪክ ሲወርዱ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ጎማው ሚዛኑን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ሚዛኑ ይነክስና የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ቁራጭ ላሜራ፣ በመካከላቸው ግሪስ፣ ከጎማው ሥር። ጎማው ተንሸራቶ ቦታውን ይይዛል። ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። ታኮ የምታደርጉ ከሆነ ታኮው ሚዛኑ ላይ ይሁንና ክብደቱ ይቀነስ። ወለሉ ላይ ሆኖ ጎማውን ከደገፈው ክብደት እየሰረቀ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነገር፣ ጎማዋ ከጅራት የሆነ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ሁሉ ልብ ቢለው ደስ ይለኛል። አውሮፕላኗ መሬት ላይ እንደቆመች፣ አፍንጫዋ ሽቅብ እያየ የጅራቷን ሚዛን አየሁት። 44.5 ኪሎ። ከዚያ ጅራቷን አንስተን፣ በርሜል በሚያህል ድጋፍ ላይ አስቀመጥናት፤ የበሩ ሥር ያለው ቱቦ በውሃ ልክ ቀጥ እስኪል ድረስ። የበረራ አቋሟ ያ ነው። አሁን ሚዛኑ የድጋፉ ክብደት ተቀንሶ ያሳየው 36 ኪሎ ነው። ያው አውሮፕላን፣ ያው ቀን፣ 8.5 ኪሎ ልዩነት! ጠቅላላው ክብደት አልተለወጠም፤ የቀነሰው ወደ ዋናዎቹ ጎማዎች ሄዷል። ምክንያቱም የስበት ማዕከሏ ከአክስሉ በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ጅራቷ ስትነሳ እሱ ወደ ፊት ይጋደማል። የክልሉ ቁጥሮች የተጻፉት ለበረራ አቋም ነው። ጅራቷን መሬት ላይ ትቶ የመዘነ ሰው የሌላ አውሮፕላን ቁጥር ነው የያዘው።

ጅራቷን ከድጋፉ ጋር በቀበቶ ጠፍሩት። ከዚያ ከፍታ ብትወድቅ ሥር ያለ ሰው ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ርቀቶቹን የለካሁት ወለሉ ላይ ነው። ከክንፉ የፊት ጠርዝ ቱንቢ ጣልኩ፤ ነጥቡን በፕላስተር ላይ ምልክት አደረግኩ። ከግራና ከቀኝ አክስል፣ ከጅራት ጎማዋም እንዲሁ። በጠመኔ ክር መካከለኛውን መስመር አሰመርኩ። ከዚያ ሜትር ዘረጋሁ። የጅራት ጎማዋ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ የፊት ጎማ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ትዞራለች፤ ወደ ፊት ስትዞርና ወደ ኋላ ስትዞር መሬት የምትነካበት ቦታ በ8 ሴንቲ ይለያያል። ስትመዝኑም ስትለኩም በአንድ አቋም ትሁን።

ዋናዎቹ አክስሎች ከክንፉ ጠርዝ 6 ሴንቲ ወደ ፊት ሆኑ። የጅራት ጎማዋ 440 ሴንቲ ወደ ኋላ። ግራ 169 ኪሎ፣ ቀኝ 165፣ ጅራት 36። ጠቅላላ 370። ከንድፉ ግምት በላይ ነው፤ የማን አውሮፕላን እንደ ግምቱ ወጥታ ያውቃል?

ኤክሴል ከፈትኩ። እያንዳንዱን ክብደት በርቀቱ አባዛሁ፣ ደመርኩ፣ ለ370 አካፈልኩ። 48.2 ሴንቲ ሜትር አለኝ።

ክው አልኩ። ባዶዋን፣ ሰው ሳይገባባት፣ ከኋላው ገደብ 2 ሴንቲ አልፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩን ወደ ፊት የሚያስረዝም መያዣ ስስል ነበር። አዲስ መያዣ ማለት አዲስ የሞተር ሽፋን ማለት ነው። አዲስ ሽፋን ማለት ሌላ አንድ ዓመት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኤክሴል የሁለቱም ዘመድ ነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዤ በሌላ መንገድ ሠራሁት። በዚህኛው መንገድ የክንፉን ጠርዝ እርሱት። ከአክስል እስከ ጅራት ጎማ 446 ሴንቲ ነው። የጅራቷን ክብደት በዚህ ማባዛት፣ ለጠቅላላው ማካፈል፦ 36 በ446፣ ለ370። መልሱ 43.4 ነው። የስበት ማዕከሏ ከአክስሉ 43.4 ሴንቲ ወደ ኋላ ነው ማለት ነው። አክስሉ ከክንፉ ጠርዝ 6 ሴንቲ ወደ ፊት ስለሆነ፣ ከጠርዙ 37.4። ታዲያ 48.2 ከየት መጣ? ኤክሴሉ ላይ የአክስሉን ርቀት 6 ብዬ ነበር የጻፍኩት። ርቀቱ የሚለካው ከክንፉ ጠርዝ ነው፤ ከዚህ የመነሻ መስመር ወደ ፊት ያለ ሁሉ ነጌቲቭ ነው። አንዲት ጭረት ረስቼ ሞተር ላንቀሳቅስ ነበር።

የደስታዬ ዕድሜ ግን አጭር ነበር። ባዶዋ ክልሉ ውስጥ ገባች ማለት፣ ሰው ሲጫንባትም እዚያው ትቀራለች ማለት አይደለም። የፊቱ መቀመጫ ከክንፉ ጠርዝ ወደ ኋላ 20 ሴንቲ ላይ ነው። የክንፍ ታንኮቹ 45 ላይ። የዕቃ ቦታው 140 ላይ። የኋላው መቀመጫ በንድፉ መሠረት 91 ነው፤ እኔ ግን መቀመጫውን በራሴ መንገድ ስለሠራሁት በንድፉ ማመን አልፈለግኩም። ለካሁት። እንዴት? ሰው አስቀምጦ።

ጓደኛዬን «ስንት ኪሎ ነህ?» አልኩት። «80» አለ፣ ሳያቅማማ። ኋላ ተቀመጠ። የጅራቷ ሚዛን በ20.4 ኪሎ ጨመረ። 20.4 በ446፣ ለ80፤ ከዚያ 6 ሲቀነስ። መቀመጫው 108 ሴንቲ ላይ ነው አለኝ። ዞሬ አየሁት። 108 ሴንቲ ላይ ያለው የመቀመጫው መደገፊያ ጀርባ ነው። ሰው ከመደገፊያው ኋላ አይቀመጥም። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ቆይቶ ነው የሦስቱን ሚዛኖች ድምር ማየት ትዝ ያለኝ። እሱ ከገባ ወዲህ ድምሩ የጨመረው በ80 ሳይሆን በ90 ነው።

«ጫማዬ ነው» አለ።

በ90 ሲሠራ መቀመጫው 95 ላይ ሆነ። ስፌቱን ላላ ስላደረግኩት ሰውየው 4 ሴንቲ ወደ ኋላ ይሰምጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ክብደት በቃል አልቀበልም፤ የእናቴንም ቢሆን።

ቀጥሎ የከፋውን አጋጣሚ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው ሙሉ ጭነት የከፋ ይመስለዋል። የእኔዋ ላይ ግን ነዳጁ ያለው ከተጫነች ወዲያ ካለው የስበት ማዕከል ትንሽ ፊት ነው። ነዳጅ ሲያልቅ ማዕከሉ ጥቂት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ የከፋው ጉዞ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲነሱ ደህና የነበረ ሲያርፉ ላይሆን ይችላል። ከፊት እኔ፣ 70 ኪሎ። ከኋላ 90። ዕቃ 12። ነዳጅ 10 ሊትር፣ ማለትም 7 ኪሎ ገደማ፤ አንድ ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን 0.72 ኪሎ ያህል ነው። ውጤቱ 47 ሴንቲ። ገደቡ 46።

መቀመጫውን 95 ላይ ይዤ የጓደኛዬን 80 አምኜ ቢሆን ኖሮ 46.1 ይለኝ ነበር። 46.1ን ደግሞ «46 ናት» ብዬ እንደማልፋት ራሴን አውቀዋለሁ።

«አንድ ሴንቲ ናት እኮ፣ የጣት ስፋት» አለኝ። እኔም ሳላስበው አልቀረሁም። ግን ያቺ ገደብ የተጻፈችው እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው በረራ ሞክሮ ነው። ከእሷ ወዲያ ያለውን ማን እንደሞከረው አላውቅም። ምናልባት የመጀመሪያው እኔ ልሆን ነው፤ ከኋላዬ ጓደኛዬን አስቀምጬ።

ለምን ወደ ኋላ ከበደች? ያለፉትን ስድስት ዓመታት ጥፋቶቼን ቆጠርኩ። ንድፉ ላይ ካለችው የጅራት ጎማ ይልቅ ወፍራም ጎማ ያላትን ገዛሁ፤ 1.9 ኪሎ ትበልጣለች። ለጅራቷ አንድ ተጨማሪ ዙር ቀለም ቀባሁ፣ ስላማረችኝ ብቻ። ባትሪውን ከኋላው መቀመጫ ጀርባ አኖርኩ፤ እዚያ ቦታ ስለነበረ። አንዱም ብቻውን ጥፋት አይመስልም። ግን ጅራት ላይ የተጨመረ 2 ኪሎ ባዶዋን አውሮፕላን በ2 ሴንቲ ወደ ኋላ ይጎትታል። ጅራት ላይ ያለን አንድ ኪሎ ሞተሩን ከኮክፒቱ የሚለየው ግድግዳ ላይ ለማካካስ 3 ኪሎ ተኩል ያስፈልጋል፤ ጅራቷ በርቀት የበለጠች ናት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለው እዚህ ጋ በቁጥር ይሠራል።

እርሳስ፣ ማለትም ከባዱን ብረት፣ አፍንጫዋ ላይ እሰር ያሉኝ ነበሩ። አሰላሁት። ትንሽ መጠባበቂያ ኖሮኝ 45 ላይ እንድትውል 9 ኪሎ እርሳስ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ኪሎ ከመሸከም አቅሟ ይቀነሳል፤ ለዘላለም። ክብደት በክብደት ማከም የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። ባትሪው ግን 7 ኪሎ ነው፤ ያለውም 170 ሴንቲ ላይ። ወደ ሞተሩ ግድግዳ ከሄደ 75 ሴንቲ ከመነሻው መስመር ፊት ይሆናል። 245 ሴንቲ ጉዞ፤ 4.6 ሴንቲ ትርፍ፤ ጭማሪ ክብደት የለም። እንዲያውም ከኋላው መቀመጫ ጀርባ እስከ ሞተር የተዘረጋው ወፍራም የመዳብ ገመድ ወጥቶ 1.5 ኪሎ ቀለለች።

አዲሱን የባትሪ መያዣ መሥራት አራት ምሽት ፈጀ። ስለ እሱ የምለው ብዙ የለም፤ ብየዳ ነው።

ከዚያ እንደገና መዘንን። በወረቀት አስተካክሎ መተው ይቻል ነበር፤ ግን ጭረት የረሳ ሰው ራሱን አያምንም። የግራና የቀኙን ሚዛኖች አቀያየርኩ፤ የአንዱ ስህተት ካለ እንዲታይ። ግራ 170፣ ቀኝ 166.5፣ ጅራት 32። ጠቅላላ 368.5፤ ማዕከሉ 32.7። የከፋው ጭነት 43.8 ላይ ዋለ። የፊቱንም ገደብ አልረሳሁም። ከባድ ሰው ብቻውን ከፊት ተቀምጦ፣ ዕቃ የለ፣ ነዳጅ ሊያልቅ ሲል 30 ገደማ ነው። ሁለቱም ጫፍ ክልሉ ውስጥ ገባ።

የቀረው የጠቅላላ ክብደት ጉዳይ ነው። ሁለታችንና ዕቃችን ከተጫንን ለነዳጅ የሚተርፈው 59.5 ኪሎ ነው፤ 82 ሊትር። ታንኮቹ 90 ይይዛሉ። ታንክ ቦታ ስላለው ብቻ መሞላት የለበትም። ይህን መቀበል የሚከብዳቸው አብራሪዎች አሉ።

በረራውን ብቻዬን ጀመርኩ፤ ማዕከሉ 32 ገደማ ላይ። መሪው ከበድ ይላል፣ ለማረፍ ትሪሙን፣ የመሪውን ጫና የሚያቀልለውን ማስተካከያ፣ ብዙ ወደ ኋላ ይፈልጋል። ግን ቅን ናት፤ ለቀቅ ስታደርጋት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ከዚያ የአሸዋ ከረጢት ኋላ መቀመጫ ላይ በቀበቶ ጠፍሬ ጨመርኩ። ውሃ በጀሪካን ቀላል ነበር፤ ግን ውሃ ይናጣል፣ መቼ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። 30 ኪሎ፣ 60፣ በመጨረሻ 90። በየደረጃው ሁለት ሦስት በረራ። 90 ላይ ማዕከሉ 42 ገደማ ሲሆን ሌላ አውሮፕላን የገባሁ መሰለኝ። መሪዋ በሁለት ጣት ይታዘዛል። ደስ ይላል፤ ማስፈራቱም እዚያ ጋ ነው። ስታርፍ ጅራቷ እረፍት የላትም፤ ብቻዬን ስሆን አንዴ የምረግጠውን ፔዳል ሦስቴ ረገጥኩ። 42 ላይ እንዲህ ከሆነች 47 ላይ ምን ልትሆን እንደነበር መገመት አላቃተኝም።

እንደገና ብሠራ ጨርቅ ሳላለብሳት፣ ቀለም ሳልቀባት፣ ባትሪውን በጊዜያዊ ገመድ አስሬ እመዝናት ነበር። ያኔ ቀዳዳ መቦርቦር ቀላል ነው። ኋላ ላይ የሚገጠመውን እያንዳንዱን ነገር ወጥ ቤት ሚዛን ላይ አውጥቼ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። የጅራቷን ቀለም ግን አሁንም እቀባታለሁ መሰለኝ። ታምራለች።

ጓደኛዬን ያበረርኩት ከአሸዋው በኋላ ነው። ሃንጋሩ በር ላይ ሚዛኑን አስቀምጬ ጠበቅኩት። ጃኬት ለብሷል፣ ቦርሳ አንግቷል።

«አሁንም?» አለ።

«ውጣ።»

93 ኪሎ። ቦርሳው 14። በወረቀቴ ላይ ካለው 5 ኪሎ በላይ ነው። ማዕከሉ ችግር የለበትም፤ ከነዳጁ ግን 7 ሊትር መቅዳት ነበረብኝ። ባዶ ጀሪካን አንስቼ ወደ ታንኩ መክፈቻ ስሄድ፣ ምንም ሳይናገር ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ጥንድ ጫማ አወጣና ሃንጋሩ ጥግ አስቀመጠ።